የተሳቀበት ኮት

ልብስ ሰፊው ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የሚቀበለው ቁልፍ የሌለውን ሥራ ብቻ ነበር፤ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ፣ ጉርድ። ድሮ ኮት ሲመጣ እሱ ይቆርጣል፣ ይገጣጥማል፤ የቁልፍ ቀዳዳውን በእጇ የምትዘመዝመው እሷ ነበረች።

አንድ ኮት ግን እንደ ምንም ብሎ ለብቻው ጨረሰ። ጨርሶም ግራ ቀኙን ቢያይ፣ «እስቲ እይው» የሚላት ሚስት የለችም። ፎቶ አነሳውና ልብስ ሰፊዎች የሚሰባሰቡበት የስልክ ግሩፕ ውስጥ ለጠፈው።

ብዙም ሳይቆይ «ሹል መርፌ» የሚል ስም ያወጣ ሰው፣ «ይሄ የቁልፍ ቀዳዳ ነው ወይስ አይጥ የበላው?» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተግተለተለ።

መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አነበበው። ያው ነው። ሆድ ባሰው። ገበያ መሀል ያደገ ሰው ስለሆነ ስድብ አይቸግረውም፤ ጻፈ፣ አጠፋ፣ ደግሞ ጻፈ። ሚስቱ ብትኖር «ተው፣ ፊቱን በማታየው ሰው ላይ ምላስህን አትፍታ» ትለው ነበር። በመጨረሻ የላከው ይህን ነው፦

«ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ አላማረም። ቀዳዳውን የምትሠራልኝ ባለቤቴ ነበረች፤ አርፋለች። ብታሳየኝ ደስ ይለኛል።»

የሳቅ ምልክቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ የሹል መርፌ ጽሑፍም ተሰረዘ። ይሄ ይብስ ከበደው፤ ሲስቁበት እንኳ ቤቱ ሰው ያለበት መስሎት ነበር።

በማግስቱ መጋረጃ ሲያጥፍ ስልኩ ጠራ። የሴት ድምፅ ነው።

«አባባ፣ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ብዬ ነው።»

«ወንድ መስለሽኝ ነበር።»

«ፊት ለፊት ቢሆን እንዲህ አልልዎትም ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ጣትም ለካ ያመልጣል።»

«የኔስ ራስ ተመልጦ አልቋል፣ ልጄ» አላት። ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ በቪዲዮ እጇን እያሳየች፣ ክሩን የት እንደሚጠመዝዘው፣ የት እንደሚያጠብቀው አስተማረችው። የኮቱን አንዱን ቀዳዳ ፈትቶ አብረው እንደገና ጨረሱት። ደንበኛ ገባባትና ተሰነባበቱ። «ነገስ ትደውያለሽ?» ሊላት አፉ ላይ ደርሶ፣ አፍሮ ተወው።

ሁለተኛውን ለብቻው ሠራና ፎቶውን ላከላት፤ ከፎቶው በፊት ግን «እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ?» ብሎ ጻፈ።

«ደህና፣ እርስዎስ? ይሄኛው ትንሽ ጠቧል፤ ፈተው ይድገሙት።»

ለመፍታቱ አልቸኮለም። ነገ የምጠይቃት ነገር ይኑረኝ ብሎ፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ዘርግቶ አሳደረው።