ቁጥር አሥራ አራት

እስቲ ልጠይቃችሁ ወዳጆቼ፤ መጽሐፍ ከመሰፋቱ በፊት እንዴት እንደሚሰበሰብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሴቶቹ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይዞራሉ። የታተመው ወረቀት ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ክምር ክምር ሆኖ ተደርድሯል። ከየክምሩ አንዳንድ እያነሱ ክንዳቸው ላይ ይደርባሉ፤ ዙሩን ሲጨርሱ አንድ መጽሐፍ እጃቸው ላይ አለ። ከዚያ እንደገና። ኣረጋሽም ያን ቀን ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ ስትዞር ነበር። ዘጠነኛው ክምር ጋ ስትደርስ እግሯ ቀጥ አለ።

"ምነው ቆምሽ? ከኋላሽ ሰው አለ እኮ!" አለቻት ዘነቡ። ዘነቡ የወታደር ሚስት ናት፤ ባሏ ከሸዋ ሲዛወር ተከትላው አስመራ የገባች፣ ዝም ማለት የማትችል ሴት። "ጉልበትሽ ነው?"

"ኣይኮነን... አይደለም። እለፊኝ ዘነቡ፣ እለፊኝ።"

ሥራው የዩኒቨርሲቲው ነበር። በዓመት አንዴ መምህራኑ ያጠኑትን ሁሉ በአንድ ጥራዝ ያወጡታል። ኣረጋሽ ከሥራው ሁሉ ይሄንን ትወደዋለች። የደረሰኝ ጥራዝ ስትሰበስቡ ገጹ ሁሉ አንድ ነው። ይሄ ግን! የመጀመሪያው ክምር ላይ የአንበጣ እግር አለ፣ ጸጉሩ ሳይቀር ተስሎ። ሁለተኛው ላይ የተማሪ ልጆች ጥርስ፤ ስንቱ እንደተበላ፣ ስንቱ እንደወለቀ። ቀጥሎ የምጽዋ ባሕር ጨው በየወሩ እንዴት እንደሚለዋወጥ። ቀጥሎ ገጠር ድንጋይ ላይ የተገኘ የጥንት ጽሕፈት። ቀጥሎ በለስ የሚያደርቅ በሽታ። ቀጥሎ ደመና ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ። ጣልያንኛውና እንግሊዝኛው አይገባትም፣ ሥዕሉን ታያለች። አማርኛውን ግን ታነባለች፤ ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፖሊስ ነበር፣ ጎንደር ስምንት ዓመት ኖረዋል።

"አንድ ሰው እኮ ቁጭ ብሎ አንበጣ እግር ላይ ያለውን ጸጉር ቆጥሯል" ብላ ነበር ጧት።

"ሥራ ፈት ነዋ። ሚስት የለውም።"

"እንደሱ አይባልም። እግዚአብሔር ለአንበጣ ጸጉር ካበቀለላት፣ ልብ ብሎ የሚያይለት ሰው ሲገኝ ደስ አይለውም?"

"እኔንም ደስ እንዲለኝ፣ የባሌን ውሸት የሚቆጥርልኝ አንድ መምህር ይላኩልኝ። ይሄ ሁሉ ወረቀት አይበቃውም!"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ኣረጋሽም ስቃለች። አሁን ግን ዘጠነኛውን ወረቀት ይዛ መስኮቱ ጋ ሄደች።

ጽሑፉ አማርኛ ነው። "ከሴቶች ቃል የተገኘ የትውልድ ቆጠራ" ይላል። ከሥሩ እንደ ዛፍ ሥር ወደ ታች የሚወርድ መስመር ተሥሏል፣ በየመስመሩ ጫፍ ስም አለ። ከሁሉም በላይ ዝማም የምትባል ሴት። ከዝማም በግራ ገርግስ፣ ከገርግስ ለተብርሃን። ከለተብርሃን በታች ስም የለም፤ "ቁጥር 14፣ ሴት፣ ዕድሜ ሰማንያ ገደማ" ብቻ ይላል።

ኣረጋሽ ስሙን ለማወቅ ወረቀት አላስፈለጋትም። ልጅ ሆና እናቷ ጸጉሯን ስትሠራት፣ ሹሩባው እስኪያልቅ ድረስ ይሄንኑ ነበር የምትደግምላት፤ እኔ የለተብርሃን፣ ለተብርሃን የገርግስ፣ ገርግስ የዝማም። ቁጥር አሥራ አራት እናቷ ናት።

ያስደነገጣት ግን የቀኙ መስመር ነው። ዝማም ባሏ ሞቶባት ሌላ አገባች፤ ተስፉን ወለደች። ተስፉ ባህታን፣ ባህታ ገብረእግዚኣብሄርን። እነዚህን ስሞች በጥር ወር፣ ልጇ ሃብተሚካኤል ርግበን ያጨ ቀን ሰምታቸዋለች። የርግበ ወገን ሽማግሌ ብድግ ብለው አያቷን "ገብረእግዚኣብሄር ወዲ ባህታ ወዲ ተስፉ"፣ የባህታ ልጅ የተስፉ ልጅ፣ ብለው ቆጥረው፣ ከተስፉ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ አያቱ ሄዱ። የተስፉን እናት ማንም አልጠየቀም።

ታውቁ የለ፣ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ሰባት ከሞላ ባዕድ ነው፤ ካልሞላ ሥጋ ነው። ኣረጋሽ በጣቷ ቆጠረች። ልጄ አንድ፣ እኔ ሁለት፣ እናቴ ሦስት፣ ለተብርሃን አራት፣ ገርግስ አምስት፣ ዝማም ስድስት። በርግበም በኩል ቆጠረች። ስድስት። ደግማ ቆጠረች። ያው ስድስት።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የጥሪው ካርድ እዚያው ማተሚያ ቤት ታትሞ መስኮቱ ሥር በካርቶን ተቀምጧል፤ አለቃቸው አስገዶም ነው በነጻ ያተመላት።

ለምሳ ሲወጡ እሷ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደች። መጽሐፉን እንጂ ቤቱን አይታው አታውቅም ነበር። መተላለፊያው ግራና ቀኙ መስተዋት ያለው ቁም ሣጥን ነው፤ በጠርሙስ የተቀመጠ ዓሣ፣ ስሙ የተጻፈበት ደረቅ ሣር፣ ቀይና ጥቁር ድንጋይ፣ የወፍ እንቁላል ከትንሹ እስከ ትልቁ። ቤተ ክርስቲያን የገባች ይመስል ነጠላዋን አስተካከለች። ለምድር ሣር ሁሉ አንዳንድ ሰው ተመድቦለታል እንዴ? አለች በልቧ። አማተበች።

ጽሑፉን የጻፈው መምህር ደጉ ወጣት የጎጃም ሰው ነው። ትግርኛ ተምሮ አራት ዓመት ሙሉ በየዓዱ፣ በየመንደሩ፣ እየዞረ አሮጊቶች ሲያነጋግር የኖረ።

"ይግቡ እናቴ። ምን ልታዘዝ?"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። "ይሄን ማን ነገረዎት?"

"ስም አናወጣም እናቴ። ደንቡ ነው።"

"አሥራ አራት ቁጥር እናቴ ናት።"

ደጉ ብድግ አለ። "እማማ ኣብርሄት? ሻሂውን ካልደገምክ አልናገርም እያሉ አራት ብርጭቆ ያስጠጡኝ? እንዴት ናቸው?"

"ዐረፈች። ሁለት ዓመቷ።"

ደጉ ወደ መደርደሪያው ሄዶ አንድ ክብ ሣጥን አወረደ። "ድምፃቸው አለ" አላት ቀስ ብሎ። "መስማት ከፈለጉ።"

ቴፑን መቅረጫው ላይ አስገባና ቁልፉን ተጫነ። መጀመሪያ ዶሮ ጮኸ። ቀጥሎ ሳል፤ ያ ኣረጋሽ ሌሊት ሌሊት ተነሥታ ውኃ ታቀብልለት የነበረው ሳል። ከዚያ እናቷ በትግርኛ መናገር ጀመረች።

"ኣየ ወደይ፣ ልጄ፣ ወንዶቹ ሲቆጥሩ ወዲ እገሌ፣ ወዲ እገሌ እያሉ ይሮጣሉ። የወለደቻቸውስ? ከድንጋይ ነው የፈለቁት? እኔ ልንገርህ። ዝማም ባሏ ሲሞት ገርግስን ለአያቶቿ ትታ ላይኛው ዓዲ ተዳረች። ተስፉን ወለደች። የገርግስ ልጆችና የተስፉ ልጆች አይተዋወቁም። እኛ ሴቶቹ ነን የምናውቀው። ስሜን ጻፍከው?"

"ጽፌዋለሁ እማማ" ይላል የደጉ ድምፅ።

"አሳየኝ። የቱ ጋ ነው? ማንበብ አልችልም፣ ግን አሳየኝ።" ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ዶሮ።

ኣረጋሽ አላለቀሰችም። ማልቀስ አልመጣላትም። እናቷን የቀበረችው በገዛ እጇ ነው፤ ከፈኗን ሰፍታ፣ አፈሩ ሲመለስ ቆማ አይታ። አሁን ያቺው ሴት በእንጨት መደርደሪያ ላይ፣ በአንበጣውና በጨው ባሕሩ ጎረቤት፣ ስትስቅ ትኖራለች። ስንት ዓይነት ትንሣኤ አለህ ጌታዬ፣ አለች።

ከዚያ ስለ ሠርጉ ነገረችው። ደጉ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

"የታተመውን ማውጣት አልችልም" አላት። "ግን ቅጂው ሦስት መቶ ነው። ግማሹ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ስማቸው የለበትም፣ ቁጥር ብቻ ነው። እርስዎ ካልተናገሩ ማንም ሁለቱን መስመር አያገናኘውም።"

"ስሟን ጻፍኩ ብለዋት አልነበር?"

"ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። የሚታተመው ላይ ግን ቤተሰብ ካልፈቀደ ቁጥር ነው።"

"ቤተሰብ ከፈቀደስ?"

"የጥርሱ ሠንጠረዥ ላይ ስሕተት ስለተገኘ ነገ ጧት የማረሚያ ወረቀት ይታተማል። እሱ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይቻላል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከነገሩኝ።" ወረቀቱን ወደ እሷ እየገፋ ጨመረ። "ስም ከወጣ ግን እናቴ፣ ያገሩ ሰው አንድ በአንድ ይቆጥራል። ያስቡበት።"

አሰበችበት። እያሰበች አውቶቡስ ያዘች፣ ቃኘው ፌርማታ ወረደች። ሃብተሚካኤል እዚያ በአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዘበኛው አስጠርቶላት መጣ፣ ወገቡ ላይ ጉጠትና መፍቻ ተንጠልጥሎ።

"ማማ! ምን ሆንሽ? ሥራ የለም እንዴ?"

ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ። "አንበጣና ጥርስ አለበት ያልሽኝ መጽሐፍ? እኔም ገባሁበት?" ከዚያ በጣቷ ስትቆጥርለት ሳቁ ጠፋ። አጥሩን ተደገፈ።

"ስድስት" አለ። "ለአንዲት ቤት? እዚህ ውስጥ ያሉት ሁለት ቤት አይቆጥሩም፣ ይኸው ይወልዳሉ፣ ይከብዳሉ።"

"እነሱ እንደ ሃይማኖታቸው ነው ወደይ።"

"ማን ያውቃል ግን ማማ? አንቺና ወረቀቱ። መምህሩም ዝም እላለሁ ብሏል። ሽማግሌዎቹ ቆጥረው ጨርሰዋል።"

"እናቴ ታውቃለች። ዛሬ ስትናገር ሰምቻት መጣሁ።"

ሃብተሚካኤል አያቱን ይወድ ነበር፤ ኣብርሄት ናት ያሳደገችው። መፍቻውን ከወገቡ አውጥቶ መልሶ ከተተው።

"ድምጿ... ያው ነው?"

"ያው ነው። ትስቃለች።"

አንድ መኪና ወጣ፣ ዘበኛው በሩን ከፍቶ ዘጋ።

"እኔ ርግበን አልተውም" አለ በመጨረሻ፣ ወደ መሬት እያየ።

"ተው አላልኩህም። የእሷ አባትና የነፍስ አባታችን አብረው ይቀመጡ፣ ይቁጠሩ። ይጋቡ ካሉ እልል ብዬ እድርሃለሁ።"

"ካህን ስድስት ሰምቶ ሰባት ነው ይበል?"

"ምን እንደሚል አላውቅም። ስድስቱን ሰምቶ ይናገር ብቻ። ስድስቱን ደብቄ ባርኩ ብላቸው፣ የሚባርኩት ማንን ነው?"

"ርግበ ትጠላሻለች።"

"ትጥላኝ። ዛሬውኑ ማይ ተመናይ ቤታቸው እሄዳለሁ። ከእኔ ትስማው እንጂ ከመጽሐፍ አትስማው።"

ሃብተሚካኤል ወደ በሩ ዞረ። ጥቂት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። "ማማ" አላት፣ "ያን ቴፕ እኔም እሰማው ይሆን?"

"እጠይቅልሃለሁ።"

ዩኒቨርሲቲው ስትመለስ አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ቀርቶታል። ደጉ እየጠበቀ ነበር። የማረሚያው ወረቀት ፊቱ ተዘርግቷል፤ ከላይ የጥርሱ ነገር፣ ከሥር ባዶ ቦታ።

"ወሰኑ እናቴ?"

"እወ። ይጻፉ።"

ብዕሩን አነሣ። "ቁጥር አሥራ አራት የተባሉት ወይዘሮ ኣብርሄት..." እያለ ጻፈና ቀና አለ። "የአባታቸው ስም ማን ነው?"

ኣረጋሽ የአያቷን ስም አሳምራ ታውቀዋለች። የአያቷንም አባት፣ የእሱንም አባት፤ ወንዶቹን ሁሉ ከነመሬታቸው ታውቃቸዋለች። ጎንበስ ብላ ጣቷን ባዶው ቦታ ላይ አኖረች።

"የለተብርሃን ልጅ ይበሉ" አለች። "የገርግስ ልጅ፣ የዝማም ልጅ።"

"እንዲህ ተጽፎ አያውቅም እናቴ።"

"አሁን ይጻፍ።"

ደጉ አንዴ አያት፣ ከዚያ አንድም ሳያስቀር ጻፈው። ቀለሙ እስኪደርቅ ቆማ ጠበቀች፣ ስሞቹን በጣቷ እየቆጠረች አነበበችው፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ማይ ተመናይ፣ ወደ ርግበ ቤት አቀናች።

እናንተም ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እናታችሁ በሕይወት ካለች ዛሬ ሂዱና የእናቷን እናት ስም ጠይቋት። ስትነግራችሁ ጻፉት።