ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ ናቸው

የጂኦግራፊ መምህሩን ተማሪዎቹ «ኮምፓስ» ይሏቸው ነበር። ስሙን ያወጡት ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ወላጆች ሆነዋል፤ ስሙ ግን ከክፍል ክፍል እየተላለፈ እዚያው ቀረ። እሳቸውም አይቆጡበትም። አንድ ጊዜ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ተጽፎ ቢያገኙት፣ የተገደፈችውን ፊደል አርመው ወደ ትምህርታቸው ገቡ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል። የአሥራ አንደኛ ክፍልን ዓመታዊ የጥናት ጉዞ የሚመሩት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። የዘንድሮው የመጨረሻቸው ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ጡረታ ይወጣሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል። አንዲት ልጃቸው አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች። እቤታቸው ከሬዲዮ በቀር የሚያወራ ስለሌለ፣ የጉዞው ቀን ሲቃረብ እንደ ልጅ እንቅልፍ ያጣሉ። ከሳምንት በፊት ጫማቸውን ያሰፋሉ፣ የስም ዝርዝሩን በራሳቸው እጅ ይገለብጣሉ፣ ለሹፌሮቹ ሳይቀር መንገዱን በወረቀት ይስሉላቸዋል። ሹፌሮቹም አመስግነው ይቀበሉና መንገዱን በስልካቸው ካርታ ይሄዱበታል።

የዘንድሮው ጉዞ ከከተማው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ወደሚርቀው የኃይል ማመንጫ ግድብ ነበር። ሁለት አውቶቡስ፣ ዘጠና አራት ተማሪ፣ ሦስት መምህር። ከኮምፓስ ሌላ ወጣቱ የስፖርት መምህርና የእንግሊዝኛ መምህርቷ ነበሩ። ጠዋት ኮምፓስ አንደኛው አውቶቡስ ላይ ሲወጡ ወንበሩ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሞልቷል። ከፊት፣ በሩ አጠገብ፣ አንዲት ልጅ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ሰው አለው?» አሏት።

«የለውም ቲቸር።» ቦርሳዋን ወደ ጉልበቷ ሳበች።

ከሁለት ወር በፊት ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረች ልጅ ናት። «አዲሷ ልጅ» ይሏታል፤ ቅጽል ስም እንኳ አልወጣላትም። ከኋላ የወንበር ጀርባ እንደ ከበሮ እየተደበደበ ዘፈን ተጀመረ። እሷ ግን አንገቷን ወደ መስኮቱ አዙራ የሚያልፈውን ምሰሶ ሁሉ ታያለች። ኮምፓስ ጃኬታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አደረጉና ከቦርሳቸው እንቁላል ያለበት ዳቦ አውጥተው ለሁለት ቆረሱ።

«እንኪ ልጄ።»

«በልቻለሁ ቲቸር።»

«በልቻለሁ ብሎ ቶሎ የሚመልስ ሰው አልበላም። ያዢ።»

ፈገግ ብላ ተቀበለች። እየበላች እናቷ ሥራዋ ከቦታ ቦታ ስለሚያዞራት አክስቷ ዘንድ እንደምትኖር ነገረቻቸው። ይህ አራተኛ ትምህርት ቤቷ ነው።

«አራት! ለጂኦግራፊ ተማሪ ይኼ ሀብት ነው» አሉ።

«ስም ማጥናት ነው የሚደክመኝ» አለች። «እኔ የሁሉንም አጠናለሁ፤ እነሱ የኔን አንድ ስም ለማጥናት አይቸኩሉም።»

ኮምፓስ የራሳቸውን ግማሽ ዳቦ ማኘክ ያዙ።

መንገድ ላይ ሸለቆው ሲጀምር ኮምፓስ አውቶቡሶቹን አስቁመው ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ፤ እዚያ ያሉትም ልጆች ስለ ሸለቆው የሚሰጡት ማብራሪያ አይቅርባቸው ብለው ነው። ትንሽ ቆይተው ተመለሱ፣ ግድቡ ሲቃረብ ደግሞ ሄዱ። የእንግሊዝኛ መምህርቷ «አያርፉም እንዴ እኚህ ሰውዬ!» ብላ ሳቀች።

ግድቡ ላይ አንድ መሐንዲስ ስለ ተርባይንና ስለ ኃይል መስመር አስረዳ። «ጥያቄ ያለው?» ሲል አዲሷ ልጅ እጇን አወጣች።

«ውሃው ሲሞላ፣ እዚህ ሥር ይኖሩ የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ?»

መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ… የሌላ ክፍል ሥራ ነው» አለ። ልጆቹ ሳቁ። ኮምፓስ ግን በዚያን ቀን ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

ከዚያ ፎቶ ሆነ። «ቲቸር ያንሱን!» ብለው ስምንት ስልክ አስያዟቸው። በግራ እጃቸው ሰባቱን አቅፈው በቀኛቸው እያነሱ፣ ወደኋላ እየተራመዱ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያሉ ሁሉንም አነሱ። «እርስዎም ይግቡ» ያላቸው የለም። በክፋት አይደለም፤ ማንም አላሰበውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝርዝሩን ይዘው ሁለቱንም አውቶቡስ ቆጠሩ። አንድ ጊዜ አይበቃቸውም፤ ሦስት ጊዜ ነው የሚቆጥሩት።

«ዘጠና አራት፣ ሙሉ ነው» አሉት ለስፖርት መምህሩ። «አንዴ መጣሁ።»

የስፖርት መምህሩ ስልክ እያወራ ነበር። ራሱን ነቀነቀላቸው፤ ይስማቸው አይስማቸው አላወቁም።

ሽንት ቤቱ ከሠራተኞቹ ምግብ ቤት ጀርባ ነው። በስልሳ ዓመት ደግሞ ሽንት ቤት እንደ ጎረምሳ ገብተው የሚወጡበት ቦታ አይደለም። እጃቸውን ታጥበው፣ በመሐረባቸው እያደረቁ ሲወጡ አውቶቡሶቹ የሉም። አቧራው ገና አልተቀመጠም ነበር።

መጀመሪያ ሳቃቸው መጣ። አሁን ይመለሳሉ፤ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ይነቃሉ። እንደተመለሱ እንዲያዩዋቸው ብለው ከዛፉ ጥላ ወጥተው የመኪና ማቆሚያው መሐል ቆሙ። ፀሐዩ አናታቸውን ሲያቃጥላቸው የስም ዝርዝሩን እንደ ባርኔጣ ያዙት። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት ሆነ። መታጠፊያው ላይ አንድ የጭነት መኪና ብቅ ሲል ልባቸው ዘለለ፤ አልፏቸው ሄደ።

የግድቡ በር ጠባቂ፣ በዕድሜ የሚጠጋቸው ሰው፣ ከጎጆው ሆኖ ሲያያቸው ቆይቶ መጣ።

«ጌታው፣ ሰው ይጠብቃሉ?»

«ተማሪዎቼ… ትተውኝ ሄዱ መሰለኝ።»

ጠባቂው ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። «እረኛውን ሜዳ ላይ ጥለው በጎቹ ገቡ በሉኛ! ይምጡ፣ ከጥላ ይቀመጡ። ስልክ የለዎትም?»

ስልካቸው ቦርሳቸው ውስጥ፣ ቦርሳቸው አውቶቡሱ ላይ ነው። ጠባቂው የራሱን ሰጣቸው። ያኔ ነው የማንንም ቁጥር በቃላቸው እንደማያውቁ የገባቸው። የስፖርት መምህሩንም፣ የርዕሰ መምህሩንም አያውቁም። በቃላቸው የሚያውቁት የራሳቸውንና የልጃቸውን ነው። የራሳቸውን ደወሉ። ይጠራል፤ አይነሳም። ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ከዚያ ለልጃቸው ደወሉ።

«ሄሎ? ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ፣ አባትሽ።»

«አባዬ! በማን ስልክ ነው? ደህና ነህ? ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ወጥቼ ነው ያነሳሁት።»

አፋቸው ድረስ የመጣውን ዋጡት። «ደህና ነኝ። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

«ማታ እደውልልሃለሁ እሺ?»

«እሺ፣ ግቢ በይ፤ ሰው ታስጠብቂያለሽ።»

ስልኩን ሲመልሱ ጠባቂው አላሾፈባቸውም። ሻይ ቀዳላቸው። «አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የሠራተኞች ሰርቪስ ወደ ከተማ ይገባል፤ ለሹፌሩ እነግረዋለሁ» አለ። አንድ ሰዓት ያህል አብረው ተቀመጡ።

ሰርቪሱ ውስጥ ሠራተኞቹ ደክሟቸው እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንዱ ብቻ ዓይኑን ገልጦ፣ «አዲስ ተቀጣሪ ነዎት?» ብሎ ጠየቃቸውና መልሱን ሳይሰማ ተኛ። ኮምፓስ መንገዱን ሙሉ የሚናገሩትን ሲያዘጋጁ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተረብሾ፣ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ፣ የስፖርት መምህሩ ፊቱ አመድ መስሎ ታያቸው። «አይዟችሁ፣ ምንም አልሆንኩም» እላለሁ አሉ በልባቸው። «ልጁን አትቆጡት፣ በማንም ይደርሳል።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ወረዱ። ግቢው ጭር ብሏል። ዘበኛው ቀና ብሎ አያቸውና፣

«እርስዎ! ምን ረስተው ተመለሱ?» አላቸው።

ያዘጋጁት ንግግር ሁሉ ጠፋባቸው። «ልጆቹ ገቡ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ኧረ ከገቡ ቆዩ! ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። ይህቺ ልጅ ብቻ ናት፣ ሂጂ ብላት እምቢ ያለችኝ።»

ከዘበኛው ቤት ጎን ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አዲሷ ልጅ ተቀምጣለች። የኮምፓስን ጃኬት አጣጥፋ፣ ቦርሳቸውን አቅፋ ነበር። ስታያቸው ዘላ ተነሳችና እንባዋ መጣ።

«ነግሬያቸው ነበር ቲቸር! ወዲያው ስንነሳ ነገርኳቸው። የስፖርት ቲቸር ‹ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ ናቸው› አለኝ። ዘፈኑ እየጮኸ… እኔም ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩ። እዚህ ስንደርስ ሁለተኛው ላይ ወጥቼ ፈለግሁዎት። የእንግሊዝኛ ቲቸር ደግሞ ‹አንደኛው ላይ ነበሩ እኮ፣ መንገድ ላይ ቤታቸው ጋ ወርደው ይሆናል› አለችኝ።»

«እሺ፣ እሺ። አታልቅሺ።»

«ስልክዎም ጮኸ። ሦስት ጊዜ። አጠገቤ ነበር። የሰው ቦርሳ፣ ያውም የአስተማሪ፣ እንዴት እከፍታለሁ ብዬ…» አንገቷን ደፋች። «ብከፍተው ኖሮ እርስዎ ነበሩ አይደል?»

ሊዋሹላት አሰቡ፤ አልቻሉም። «እኔ ነበርኩ» አሉ። «ግን ደግ አደረግሽ። እንደዚያ አድርገው ነው ያሳደጉሽ።»

ለአክስቷ በዘበኛው ስልክ ነግራ ነበር የቆየችው። እስከ አደባባዩ ድረስ አብረው ሄዱ። ስትለያቸው «ደህና ያምሹ» ብላ ትንሽ ሄዳ ዞር አለች፤ እስክትርቅ ድረስ ቆመው አዩዋት። ማታ ልጃቸው አልደወለችም። ስብሰባው አድክሟት ይሆናል።

ሰኞ ጠዋት በሰልፉ ላይ ርዕሰ መምህሩ ማይኩን ይዞ የሳምንቱን ስኬት ዘረዘረ። የጥያቄና መልስ ቡድኑ ሁለተኛ ወጥቶ ዋንጫ አምጥቷል፤ የመረብ ኳስ ሴቶች ለፍጻሜ አልፈዋል። «የአሥራ አንደኛ ክፍል የጥናት ጉዞም፣ አንድም ሰው ሳይጎድል በሰላም ተጠናቋል!» ተጨበጨበ። ኮምፓስም ከመምህራኑ መሐል ሆነው አጨበጨቡ። ከሰልፉ ውስጥ አዲሷ ልጅ እጇን አጣምራ ታያቸዋለች። እሷ አላጨበጨበችም።

ቀን ላይ የጉዞውን ሪፖርት ለመጻፍ ተቀመጡ። «ያጋጠሙ ችግሮች» የሚለው መስመር ላይ በየዓመቱ «የለም» ነው የሚጽፉት። ዘንድሮ ብዕራቸው እዚያ ላይ ቆየ። ከዚያ በደንብ በሚነበብ ጽሑፍ፣ «የጉዞው መሪ ግድቡ ላይ ተረስቶ ቀርቷል። ከአንዲት ተማሪ በቀር ያስተዋለ አልነበረም» ብለው ጻፉ።

ርዕሰ መምህሩ ዕለቱኑ አስጠራቸው። ወጣት ነው፤ አፍሮ ነበር።

«ቲቸር፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ምነው ታዲያ ሳይነግሩን?»

«ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ጠበቅሁ።»

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን አገላበጠ። «ይኼ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። እኔ በግሌ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ የስፖርት መምህሩም ይጠይቅዎታል። ግን ይህችን ዓረፍተ ነገር ብናወጣትስ? በጡረታ ሊሸኙ ነው፣ ስምዎም…»

«ትቆይ» አሉ።

«ቲቸር…»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ‹የለም› ብዬ ጽፌያለሁ። ይህችን አንዷን ተዋት።»

ዓረፍተ ነገሯ ቆየች። የስፖርት መምህሩ በነጋታው መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ከልብህ ነው፣ አውቃለሁ» አሉት። ወሬው ግቢውን ሲሞላ ተማሪዎቹ «ኮምፓስ ጠፋ!» እያሉ ለሳምንት ሳቁበት። ከዚያ የፈተና ጊዜ ደረሰና ሌላ ወሬ ተካው።

አዲሷ ልጅ ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት ካርታ ክፍሉ እየመጣች ከእሳቸው ጋር ትበላ ጀመር። ያ ጥያቄዋ አልለቀቃትም ነበር። አሮጌውን ካርታ ከአዲሱ ጎን ዘርግተው፣ ውሃው የዋጣቸውን መንደሮች አንድ በአንድ ፈለጉ፤ አሥራ ሁለት አገኙ። እሷ ስማቸውን በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጻፈች። ኮምፓስ ወረቀቱን ለጥያቄና መልስ ቡድኑ አሠልጣኝ አሳዩና «ይህቺን ልጅ ቡድንህ ውስጥ ያዛት» አሉት። ያዛት።

ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አልመጣችም። በነጋታውም አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን ኮምፓስ በካርታ ክፍሉ መስኮት አዩዋት፤ ከቡድኑ ሁለት ሴት ልጆች ጋር ሣሩ ላይ ተቀምጣ አንዷ የምትነግራትን እየሰማች፣ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። በስሟ ሲጠሯት ተሰማቸው። ደስ አላቸው፤ እውነተኛ ደስታ ነበር። ቢሆንም ተመልሰው ሲቀመጡ ክፍሉ ሰፋባቸው። ምሳቸውን ከፍተው ቀስ ብለው በሉ፤ የሚጠብቃቸው ስለሌለ አልተቻኮሉም።

ደወሉ ሲደወል ፍርፋሪውን ከጠረጴዛው ላይ ጠረጉና ጠመኔያቸውን ያዙ። የዘጠነኛ ክፍሎች ትምህርት ነበረባቸው።