ማውሱ ላይ ሁለት እጅ

ኪቦርዱ የሞተው በእኔ ቆንቋናነት ነው፤ አልክድም። ዱርሲቱ «ጋሼ፣ ቁልፎቹ እየያዙ ነው፣ ሌላ ግዛ» ብላ ሦስት ጊዜ ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ገልብጬ አራግፈውና «ይኸው፣ ሠራ!» እላለሁ። ታዲያ ቀን መርጦ እሑድ ከሰዓት፣ ሰበታ ውስጥ ኪቦርድ የሚሸጥ አንድ ሱቅ እንኳ ባልተከፈተበት ሰዓት፣ ድርቅ አለ።

ዱርሲቱ በጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቴ አራት ዓመት የሠራች ጸሐፊዬ ናት። ዓይኗ አያይም። በአንድ ጆሮዋ ማዳመጫ ታደርግና ኮምፒውተሩ ስክሪኑን ያነብላታል፤ በሌላው ባለጉዳዩን ትሰማለች፤ ጣቶቿ ይከንፋሉ። አማርኛውም ኦሮምኛውም ለእሷ አንድ ነው። ከሆለታ ድረስ ማመልከቻ ሊያስጽፉ የሚመጡት «ልጅቷ አለች?» ነው የሚሉት፤ እኔን ባለቤቱን «ጥሩሰው አለ?» ብሎ የፈለገኝ የለም።

የዚያን ዕለት ግን የመጣችው ለራሷ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ አንድ ድርጅት በስልክ የሚያስተረጉሙ ሰዎች ይፈልጋል፤ ፈተናው በኢንተርኔት ነው። ተፈተነች፣ ዘጠና አንድ አመጣች! ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ስለ ቤቴ አሰብኩ። እሷ ከሄደች ቤቱ አለቀለት።

ገጹ ከታች እንዲህ ይላል፦ ውጤትዎን በስክሪንሾት አንሥተው በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ እዚሁ ያያይዙ፤ በስልክ የተነሣ ፎቶ አንቀበልም፤ ገጹ ከተዘጋ ዳግም አይከፈትም። ዱርሲቱ የስክሪኑን ፎቶ የምታነሣዋን ቁልፍ፣ ፕሪንት ስክሪንን፣ ተጫነች። ደግማ ተጫነች፤ ሌሎቹንም ነካካች፤ ማዳመጫው ምንም አላነበበላትም።

«ማል ታኤ?» አለች ማዳመጫውን አውልቃ፤ ስትደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድማታል። «ምን ሆነ ጋሼ?»

«ኪቦርዱ ሞቷል።»

ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ በጥፊ መታሁት። ኤዲያ!

«ማውሱስ?»

«እሱ ይሠራል።»

«በማውስ ብቻ ስክሪንሾት ይነሣል?»

እኔ እንጃ! ሃያ ዓመት ኮምፒውተር ላይ ተጎልቼ ይህን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። እሷ ደግሞ በኪቦርድ የማትሠራው ነገር የለም፤ ማውስ ግን ይዛ አታውቅም። የማታየውን ቀስት ምን ልታደርገው!

«ቆይ» አለች። «የሚያነብልኝን ፕሮግራም የምከፍትበት ዝርዝር ውስጥ ሁልጊዜ የምዘላት አንዲት ነገር አለች። ‹ኦንስክሪን ኪቦርድ› ይላታል። ስክሪን ላይ ኪቦርድ ምን ያደርጋል እያልኩ ይገርመኝ ነበር።»

«እንያታ!»

«እጄን እጅህ ላይ ላድርግ? ማውስ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ጊዜው እየነጎደ ይህን ትላለች! እሺ አልኳት። ዝርዝሩን ከፈትን፣ ወረድን፣ ጠቅ አደረግን፤ ኪቦርድ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ።

«ወጣች? ምን ትመስላለች?»

«የኛው ኪቦርድ ናት፤ ጠፍጣፋና ጥቁር።»

«ፕሪንት ስክሪን ከላይ ናት፣ ከኤፍ አሥራ ሁለት ጎን።»

«የለችም» አልኳት። ዱርሲቱ «ቦታዋን ቀየሩባት?» ብላ ሳቀች። ስፈልግ ስፈልግ በቀኝ ጠርዝ ወደ ታች አገኘኋት። ጠቅ።

«አነሣ?»

«ምንም የተለወጠ ነገር የለም።»

«እሷ ድሮም ድምፅ የላትም። ፔይንትን፣ የሥዕሉን ፕሮግራም፣ ክፈትና ለጥፍ።»

ለጠፍኩ። ወይ ጉድ! ስሟም፣ ዘጠና አንዷም ቁጭ ብለዋል። በማውስ ብቻ! እንደ ሕፃን ጮህኩ። ፎቶውን አስቀመጥን፣ ገጹ ላይ አያያዝን። አራት ደቂቃ ሲቀር «ላክ» የምትለዋን መንካት ብቻ ቀረን።

እጄ ግን ወደ ላይ ሄደ። እውነቱን ልናገር፣ ጥግ ላይ ወዳለችው መዝጊያ ሄደ። ብነካት ማን ያውቃል? «ወይኔ፣ ጠፋ!» እላለሁ፤ ታለቅሳለች፤ ሰኞ ጠዋት ግን ወንበሯ ላይ ናት። እጇ እጄ ላይ መሆኑን ረስቼው ነበር።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ምን አለ?»

ቀስቱን ከመዝጊያዋ ላይ አላነሣሁም።

«እጅህ ቆመ'ኮ። ምን አለ?»

መዋሸት አቃተኝ። «መዝጊያው ነው። ብነካው ሁሉም ይጠፋል» አልኳት። «እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው ዱርሲቱ።»

እጇን ታነሣለች ብዬ ነበር። አላነሣችም። «‹ላክ› የምትለዋስ በየት በኩል ናት?» አለች።

«ታች፣ ወደ ግራ።»

እጄን ከነማውሱ ይዛ ራሷ ትገፋው ጀመር። «ደረስን?» ትላለች፤ እኔ «ትንሽ፣ ትንሽ፣ አዎ» እላለሁ። ስንደርስ ጣቴን በጣቷ ተጫነችው።

«‹ደርሶናል፣ እናመሰግናለን› ይላል» ብዬ አነበብኩላት።

ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። «እውነትህን ነው?» አለችኝ።

በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ወረቀት አንብቤላታለሁ፤ እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።