ዘጠነኛው እብጠት

የባሌ ታላቅ እህት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ሥራዋ ካርድ ፈልጎ ማውጣትና መልሶ መደርደር ነው። ነጭ ጋዋን ለብሳ ስለምትመላለስ ግን ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ይላታል፤ እሷም አንድ ቀን «አይደለሁም» ብላ አታውቅም። እኔ ፊት ለፊት «እትዬ» እላታለሁ። በሆዴ የምላትን እዚህ አልጽፈውም።

ያን ዕለት ጠዋት የመጣችው ለጋዋኗ ቁልፍ እንድተክልላት ነበር። እኔ ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ስትገባ የልጄን ድመት፣ አለቃን፣ ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አጋድሜ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ፣ ጠመኔ ይዤ አገኘችኝ።

«ደግሞ ለድመት ሱሪ ልትሰፊ ነው?» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

እኔ የምስቅበት አንጀት አልነበረኝም። ሆዱ ላይ እብጠት ካገኘሁበት አራተኛ ቀኔ ነው። መጀመሪያ ሁለት፣ በማግስቱ አራት፣ ከዚያ ስምንት። ዘጠነኛው ደግሞ ግራ ትከሻው ላይ፣ ብቻውን። ጣቶቼ ሦስት ድርብ ጨርቅ ውስጥ የተረሳች ስፒል ያገኛሉ። እናም እያንዳንዱን እብጠት በጠመኔ እያከበብኩ፣ በሜትር እየለካሁ፣ የደንበኞቼን ልኬት በምይዝበት ደብተር ላይ ጻፍኩት። በአንዲት ወይዘሮ ጉርድ ቀሚስና በአንድ አስተማሪ ሱሪ መሃል የድመት ሆድ ገባ።

ልጄ ከዚህ ድመት ጋር ነው የምትተኛው። ጠዋት ዩኒፎርሟን ሳለብሳት አንገቷንም ብብቷንም ደባበስኩ። «እማዬ፣ ኮረኮርሽኝ!» ብላ ተንፈራፈረች። እኔ ግን ያን ጊዜ በሐሳቤ ቀብሬያት ተመልሻለሁ።

ሲስተር እጅጌዋን ሰብስባ ሆዱን ጫን ጫን አደረገች። ፊቷን አጠቆረች።

«ተሰራጭቷል» አለች።

«ትከሻው ላይ ያለውስ፣ እትዬ?»

«እሱ ስብ ነው፤ ተይው። የሆዱ ነው የሚያስፈራው። ይተላለፋል፣ በተለይ ለልጅ።» ከዚያ ወደ ጓዳ ተጣራች። «አንተ! ጆንያ ፈልግ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ይሄን ነገር ወስደህ ጣለው።»

ባሌ «እሺ እታለም» አለ። ለእኔ አንዲት ሚስማር ለመምታት ወር ይፈጅበታል። ለእህቱ ጆንያው በአንድ ደቂቃ ተገኘ።

«ሐኪም ሳያየው ከዚህ ቤት አይወጣም» አልኩ።

«እና እኔ ምንድን ነኝ?» አለች ሲስተር።

«እርስዎማ ካርድ አላወጡለትም።»

ባሌ ሳል አነቀው። እሷ ግን ቀና አለች። «ጥሩ። እንዲያውም አብሬሽ እሄዳለሁ። ባለሙያ ከባለሙያ ጋር ይነጋገራል።» ቁልፍ የጎደለውን ጋዋን በመርፌ ቁልፍ አያይዛ ለበሰችው። ባሌም ጆንያውን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ተከተለን። ሐኪም ድመቱን ካየው በኋላ በዚያው ሊጥለው ነው።

የእንስሳት ሐኪሟ እጇ በጭረት የተሞላ፣ አጭር፣ የሰለቻት ሴት ናት። ሲስተር አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ። «የተሰራጨ እብጠት ነው፣ ዶክተር። ስምንት ቦታ። እኛ ጋ እንዲህ ያሉት ሲመጡ…»

ሐኪሟ አለቃን ገለበጠችው። ሆዱን አየች። እኛን አየች።

«ጠመኔውን ማን ነው ያከበበው?»

«እኔ» አልኩ።

«እህቴ፣ እነዚህ ጡቶቹ ናቸው።»

«ወንድ ነው እኮ!» አለች ሲስተር።

«ወንድ ቢሆንስ?» ሐኪሟ በር ላይ ወደ ቆመው ባሌ በአገጯ ጠቆመች። «እሳቸው የላቸውም?»

ባሌ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘጋ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሁለት ረድፍ፣ አራት በአራት፣ እንደ ድርብ ቁልፍ ኮት! የግራና የቀኙ ርቀት እኩል መሆኑን በገዛ እጄ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። አንዱም አላደገም፤ እኔ ነኝ በየቀኑ አንድ ሁለት እያልኩ ያገኘኋቸው። በሽታ መቼ ነው ልኬት ጠብቆ የሚያውቀው? ይሄ ያልገባው ልብስ ሰፊ መቀስ መያዝ የለበትም።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች ሲስተር።

ሐኪሟ ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

«ዘጠነኛውስ?» አልኩ።

«ስብ ነው አልኩሽ እኮ!» ሲስተር ክንዴን ያዘችኝ። «አንዴ ተሳቀብን፤ አይበቃሽም?»

«ትከሻው ላይ ነው» አልኩ ለሐኪሟ። «ይሄኛው ከመስመር ውጪ ነው።»

ሐኪሟ ተንፍሳ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። ጸጉሩን ከፈል አድርጋ ጫን ስትለው አለቃ ጮኸ፤ እኔም አብሬው ጮህኩ። የሐኪሟ ፊት ተለወጠ።

«ሌላ ድመት ነክሶታል። ላዩ ደርቋል፤ ውስጡ መግል ነው። ደሙ ውስጥ ቢገባ ይገድለው ነበር። ማን ነው ስብ ነው ያለው?»

ሲስተር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የላሞች ክትባት ማስታወቂያ በጥሞና ታነብ ነበር።

ሐኪሟ እብጠቱን ቀድዳ መግሉን አፈሰሰች፣ አጠበችው፣ አሸገችው። መንገድ ላይ ሲስተር፣ «ዋናው በጊዜ ማምጣታችን ነው» አለች። ባሌ «እውነትሽን ነው፣ እታለም» አለ። ጆንያው አሁንም ብብቱ ውስጥ ነበር። ነጥቄው አለቃን ጠቀለልኩበት፤ ውጪው ይነፍስ ነበር።

ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ፋሻውን አየች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ሆዱን አየች።

«እማዬ፣ ማን ነው ስምንት ዜሮ የሰጠው?»

«ለእሱ አይደለም የተሰጠው» አልኳት።

ሲስተር ጋዋኗን ትታልኝ ሄዳ ነበር። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የቁልፎቹን መስመር በጠመኔ አሰመርኩ። ከዚያ አዲሱን ቁልፍ ከመስመሩ አንድ ጣት አስወጥቼ፣ አጥብቄ ተከልኩት። በሥራ ዘመኔ አውቄ ያጣመምኩት እሱን ብቻ ነው።

ልትወስደው ስትመጣ መስታወት ፊት ቆማ ቆለፈችው። ጋዋኑ ደረቷ ላይ ተጨማደደ። ዞር ዞር ብላ ራሷን አይታ፣ «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ።

አለቃ ድኗል። እኔ አሁንም በየጠዋቱ ልጄንም እሱንም እደባብሳለሁ፤ የሚመጣው አይታወቅም። ሲስተር ጋዋኗን ለብሳ በደጃችን ታልፋለች። ሦስት ሳምንት ሆናት። እስካሁን አላየችውም።