ለመፀው የሚሆን አልጋ

ጆሊን የአባቷን ሸሚዞች ሻንጣ ውስጥ ስትከት፣ ሃርላን ከሥር ከሥሯ እየተከተለ ያወጣቸዋል።

"አባዬ፣ ተው እንጂ።"

"እሄዳለሁ ያልኩት መቼ ነው? የራስሽን ሻንጣ ሙዪ።"

ሃርላን በዚህች የሰሜን ካሮላይና ደሴት መኪና የሚያሻግር ጀልባ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አሁን ወደ ሰማንያ እየተጠጋ ነው፤ ኩላሊቶቹ ከደከሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ድልድዩን ተሻግሮ ለእጥበት ይሄዳል። አምና አውሎ ነፋሱ መንገዱን በአሸዋና በውሃ ሲዘጋው ሕክምናው ተቋረጠበት። ጎረቤቶቹ ሆስፒታል ያደረሱት ራሱን ከሳተ በኋላ፣ በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ነው። ጆሊን በምዕራብ ተራሮች ላይ ካለው ቤቷ ነድታ ስትደርስ ማን እንደሆነች እንኳ አላወቃትም ነበር።

ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ የመጪዎቹን ወራት የአየር ትንበያ እያሰማ ነው። "ባሕሩ ከወትሮው ሞቋል" አለ አቅራቢው። "አውሎ ነፋሱ እስከ ኅዳር ሊዘልቅ ይችላል።"

"ሰማህ?" አለች ጆሊን።

"ቆይ፣ አልጨረሰም።"

አቅራቢው ወደ ብርዱ ወራት ተሻገረ። በምዕራብ ተራሮች ዘንድሮ ከባድ በረዶ ይጠበቃል አለ።

ሃርላን ሳቀ። "ያንቺ ሰፈር አይደለም እንዴ? ከውሃ አውጥተሽ በረዶ ልታለብሺኝ ነው?"

"ትንበያ እኮ ነው። ላይሆንም ይችላል።"

"የኔ ሲሆን እርግጥ ነው፣ ያንቺ ሲሆን ላይሆን ይችላል?"

ጆሊን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልትዋሸው አስባ ነበር፤ አልሆነላትም።

"ባለፈው ጥር በረዶው መንገዱን ዘግቶብኝ ነበር" አለች። "ሐኪም ቤት ይቅርና ከግቢዬ አልወጣሁም። ብነግርህ አትመጣም ብዬ ደበቅኩህ።"

ሃርላን የተዘጋጀበትን ጭቅጭቅ ተወው። "ታዲያ ለምን ልትወስጂኝ መጣሽ?"

"ሌላ የት ልውሰድህ? ብቻህን ስትሆን እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ሃርላን ፊቷን አየ። በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ከስታለች፤ እስከ ዛሬ ልብ አላለውም። በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞር አለ። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ያንጸባርቃል።

እጥበት የሚሄድባት ከተማ ውስጥ እህቱ ቬርና አለች። ቤቷ ከክሊኒኩ የእግር መንገድ ነው፤ ባሕርም በረዶም አይደርስበትም። ቬርና የእናታቸውን ቤት ለሆቴል ሠሪ ከሸጠችው ወዲህ ግን ተነጋግረው አያውቁም። በሯ ላይ ሲያልፍ እንኳ ፊቱን ያዞራል። ጆሊንም ስሟን እሱ ፊት ካነሳች ቆይታለች።

"የቬርናን ስልክ ታውቂዋለሽ?"

ጆሊን በስልኳ ደውላ ሰጠችው።

"ቬርና፣ ሃርላን ነኝ።"

ከዚያኛው ጫፍ "አልሞትክም እንዴ?" የሚል የአሮጊት ድምፅ መጣ።

"ገና ነኝ። ለመፀው የሚሆን አልጋ አለሽ? አውሎ ነፋስ መንገዱን ከዘጋው ለእጥበቱ እንዳልቸገር ነው።"

"አልጋስ አለ። የእማዬን ቤት ነገር ካነሳህ ግን በረንዳ ላይ ነው የምታድረው።"

ሃርላን ስልኩን ከጆሮው ሲያርቅ ጆሊን አየች። ቬርና ጆሮ ላይ ይዘጋዋል ብላ ፈራች።

"እሺ፣ አላነሳም" አለ ሃርላን። "መቼ ልምጣ?"