ልጁ ወይስ ልጅየው

አስራ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጉሮሮዬ ሲታመም ሥራውን ተውኩና ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ከፈትኩ። ከተማሪ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። የት ተገላግዬ! ያስተማርኳቸው ሁሉ አድገው ወረቀት ይዘው ይመጡብኛል። ገና በሩ ላይ ሆነው «መምህር እመቤት» ሲሉኝ እጄ ቀይ እስክሪብቶ ፍለጋ ወደ ኪሴ ይሄዳል።

ስንትና ስንት ቀይ እስክሪብቶ የጨረሰችብኝ የእንግሊዝኛዋ «ዘ» ናት። ሌላውን ስህተት እያደር ያርሙታል፤ እሷን ግን ወይ እንደ ጨው በየቦታው ይነሰንሷታል፣ ወይ ጭራሽ ይረሷታል። «ዘ እንጅባራ፣ ዘ አባቴ፣ ዘ ውሃ ጠማኝ» የሚል ደብተር ሳርም ነው ዓይኔ የደከመው። በመጨረሻ አንድ ዘዴ አገኘሁ። «አማርኛ ጅራት አለው» እላቸዋለሁ። «በሬ ካላችሁ የትኛው በሬ እንደሆነ አይታወቅም፤ እንግሊዞች እዚህ ላይ ኤ ይላሉ። በሬው ካላችሁ ግን እኔም እናንተም የምናውቀው በሬ ነው። ያ ከኋላ የተቀጠለው ጅራት ዘ ማለት ነው። እነሱ ጅራቱን ከፊት ነው ያበቀሉት።» ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም በራሴ እኮራለሁ። ጅራቱ ሁለት ሥራ እንዳለው፣ «ቤቱ» ማለት የምናውቀው ቤትም የእሱ ቤትም እንደሚሆን፣ ያን በችኮላ ነበር የማልፈው። ፈተና ላይ አይመጣማ!

ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ሐሙስ፣ መጣብኝ።

ያመጣው ሙእሚን ነው። ካስተማርኳቸው ሁሉ «ዘ»ን በቦታዋ የሚያስቀምጥልኝ እሱ ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም። ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ጨርቅ የሚሸጡት የጋሼ ሙሄና የእትዬ ሀሊሜ አንድ ልጅ ነው። ማሌዥያ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ወጪውን ችሎ ሊያስተምረው ተቀብሎታል። የቀረው የቤተሰቡ ወረቀቶች በእንግሊዝኛ ተተርጉመው፣ ማኅተም ተመትቶባቸው፣ በዚያው ቀን ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት መላካቸው ብቻ ነበር። አንዲት ደቂቃ ካለፈች ዕድሉ ለሌላ ይሰጣል።

«ሁሉም እዚህ አለ መምህር» አለና ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ አራገፈው። «ይሄ የልደቱ፣ ይሄ የቀበሌው። ይቺ ደግሞ የድሮዋ ናት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከማን ጋር እንደኖርኩ የሚያሳይ አምጣ ብለውኛል።»

«ከየት አገኘሃት?»

«ከአባ ሳጥን። ሱቁ ሰው ስለበዛበት እኔው ከፍቼ አወጣኋት።» ከዚያ ፎቶ ለመነሳት ሮጠ። አስር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ ብሎኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ቶሎ ጨረስኩና ሦስተኛዋን ዘረጋሁ። አራት ቦታ ታጥፋ የኖረች፣ ባለመስመር ሉክ ላይ በእጅ የተጻፈች፣ ከግርጌዋ የሽማግሌዎች ጣት አሻራ ያለባት ወረቀት ናት። ሦስት መስመር ነው ያላት። «አቶ ሙሄ በዛሬው ቀን በሽማግሌዎች ፊት ልጁን ይዞ ወደ ዳንግላ ሄዷል። ልጁንም በወጉ ሊያሳድግ ቃል ሰጥቷል። ልጅየው አስር ወሩ ነው።»

የመጀመሪያውን መስመር ሳላስብ ተረጎምኩት፦ አቶ ሙሄ የራሱን ልጅ ይዞ ሄደ። በእንግሊዝኛ «ሂዝ» የምትለዋን ቃል ነው የጻፍኩት። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ።

«ልጁ» የእሱ ልጅ ሊሆን ይችላል። «ልጅየው» ግን አይችልም። «የው» የሚባለው ጅራት ባለቤት የለውም፤ ሰውየው፣ በግየው፣ ያ የምናውቀው ማለት ብቻ ነው። ጸሐፊው ስለ አባትና ስለ ልጁ እየጻፈ ቢሆን ኖሮ ከመሬት ተነስቶ «ልጅየው» ምን አመጣው? ደግሞስ ሰው የገዛ ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሽማግሌ የሚያስቀምጠው ለምንድን ነው? በወጉ ላሳድግ ብሎ ቃል የሚሰጠውስ ለማን ነው?

ሂዝ ያልኩትን አጠፋሁና ዘ ጻፍኩ። ዘንም አጠፋኋት። ኤ ብልስ? ኤ ካልኩ ደግሞ ማንም የማያውቀው፣ ከመንገድ የተነሳ ልጅ ሊመስል ነው። አማርኛ አስራ ሰባት ዓመት ሸፍኖ ያኖረውን ነገር እንግሊዝኛ አሁኑኑ ካልገለጥሽ አለኝ። ሙእሚን ይቺን ወረቀት በአማርኛ አንብቧታል፤ ምንም አልታየውም። የእኔን ትርጉም ግን ከመላኩ በፊት ፊደል በፊደል እንደሚያነበው አውቃለሁ፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ዘ» የምትል ቃል ካየ እዚያው ይቆማል።

ዝም ብዬ ሂዝ ብል ኖሮ! እኔ ግን ከመብሰልሰል ጠይቄ ማረፍ የምወድ ሴት ነኝ። ወረቀቷን ይዤ ጭቃውን ተሻገርኩ።

ጋሼ ሙሄ ለአንድ ገበሬ በአዊኛ እየተጫወቱ አቡጀዴ ይለኩ ነበር። ገበሬው እስኪወጣ ጠበቅኩና፣ እንደ ተራ የሰዋስው ጥያቄ ለማስመሰል እየሞከርኩ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ልጁ የሚለው የእርስዎን ልጅ ነው ወይስ ልጅየውን ለማለት ነው?» አልኳቸው።

ሜትሩ ከእጃቸው ወደቀ። አላነሱትም።

«ማን ሰጠሽ?»

«እሱ ራሱ። ለማሌዥያው ነው።»

«አነበበው?»

«አንብቦታል፤ አልታየውም። በእንግሊዝኛ ስጽፈው ግን ይታየዋል።»

ወደ ጓዳ ጠሩኝ። በጨርቅ ጥቅልሎች መሀል ቆመን ነገሩኝ። ጓደኛ ነበራቸው፤ ስሙም ሙሄ፣ ሞክሼያቸው። አዘና ገበያ ጎን ለጎን ነበር የሚነግዱት። እሱና ሚስቱ ከገበያ ሲመለሱ የተሳፈሩበት አይሱዙ ተገለበጠና ሁለቱም በአንድ ቀን አለፉ። ሕፃኑን ጎረቤት ትተውት ነበር። ጋሼ ሙሄና እትዬ ሀሊሜ ደግሞ ስምንት ዓመት ተጋብተው ልጅ አልነበራቸውም።

«የአባቱን ስም አልነጠቅኩትም» አሉኝ፤ የከሰስኳቸው ይመስል። «ሙእሚን ሙሄ ብዬ ነው ያስመዘገብኩት። ስሙ እውነት ነው። አያቱ ላይ ስደርስ ግን የኔን አባት ስም አስገባሁ። እሱ ነው የኔ ጥፋት።»

«ይቺን ወረቀትስ ማን ጻፋት?»

«አየነው የሚባል ደብዳቤ ጸሐፊ ነበር። ብልህ ሰው ነው። 'ልጁን ብዬ ጽፌልሃለሁ፤ የፈለገ እንደፈለገው ያንብበው' አለኝ። መጨረሻው ላይ ነው ብዕሩ ያመለጠው።» ከዚያ በልመና ዓይን አዩኝ። «እመቤት፣ የእንግሊዙም ቋንቋ እንዲህ ሁለቱንም የሚሸፍን ቃል አያጣም መቼም።»

«የለውም ጋሼ። ወይ ሂዝ ነው፣ የእርስዎ፤ ወይ ዘ ነው፣ ልጅየው።»

«ምን ያለ ድሃ ቋንቋ ነው!» አሉ።

ሳቄ መጣ፤ ማልቀስም አማረኝ። እንደ ጸሐፊው እንደ አየነው ሁሉን አቻችዬ ብገላገል በወደድኩ። ግን ከትርጉሙ ሥር «ከዋናው ጋር ትክክል ነው» ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። ሳላውቅ ቢሆን ሂዝ ብዬ በሰላም እተኛ ነበር። አሁን አወቅኩ። ማን ጠይቂ አለኝ? ይህንኑ ነገርኳቸውና፣ «ቢሆንም እርስዎ የሚሉኝን እጽፋለሁ» አልኩ። ማለት አልነበረብኝም፤ የራሴን ሸክም እሳቸው ጫንቃ ላይ መጣሌ ነበር። አውቄዋለሁ፤ ግን አልኩት።

«ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ» አሉ ጋሼ ሙሄ። «የኔው እያደር ከበደኝ። ዘንድሮ ልንገረው፣ ለከርሞ ልንገረው ስል ጢም አወጣ። ግማሽ ሰዓት ስጪኝ፤ ሀሊሜን ሳላማክር አልችልም።» ሱቁን እንደተከፈተ ትተው በባጃጅ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ተመልሼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ሁለቱን ቦታ ባዶ ትቻቸዋለሁ። ዝናቡ ጀመረ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፤ እንዳይጠፋ ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝም። ግማሽ ሰዓቱ አለፈ። በሩን ባየሁ ቁጥር የሚያልፈው ሌላ ሰው ነው። ከሁለቱ ማን ቀድሞ ይመጣ ይሆን እያልኩ ጥፍሬን በላሁት።

ቀድሞ የመጣው ሙእሚን ነው። ጃኬቱ በስብሷል፤ ፎቶዎቹን በደረቱ ሸሽጎ አምጥቷቸዋል። የደንበኛውን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ማንበብ ጀመረ። ኮምፒውተሩን ልሸፍንበት አስቤ ነበር፤ በምን ምክንያት?

«መምህር፣ እዚህ ጋ ቃል ዘለዋል። እዚህም።»

«አልዘለልኩም። እያሰብኩ ነው።»

ሳቀብኝ። «እርስዎ? በዚች ቃል?» እጁን ወደ መጻፊያው ሰደደ። «ሂዝ ነዋ!»

«ተው!» አልኩት። ጩኸቴ እኔንም አስደነገጠኝ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። አየኝ፤ ፊቴን ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት አዞርኩ። አስር ሰዓት ከሃያ ይላል። እሱ ግን ወረቀቷን አንስቶ እንደገና ያነብ ጀመር። የት ላይ እንደሚቆም አውቃለሁ። ሄዶ ሄዶ እዚያው ቆመ።

«ልጅየው» አለ ለራሱ። «ይሄ እኮ ሂዝ ሊሆን አይችልም» አለ፤ እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ መልስ ሲያገኝ በሚለው ድምፅ ጀምሮት፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ ከዳው።

በዚህ መሀል ጋሼ ሙሄ ገቡ። ጫማቸው ጭቃ ነው፤ ባጃጅ አጥተው በእግራቸው ነበር የመጡት።

«አባ፣ መጣህ?» አለ ሙእሚን፤ አባቱን አንተ ነው የሚለው። «መምህር ምን እንደሚሉ አላውቅም። እስቲ ንገራቸው።»

ጋሼ ሙሄ እሱን አላዩትም። መንገድ ላይ ሲለማመዱት የመጡ ይመስል እኔን ብቻ እያዩ፣ «ዘ ብለሽ ጻፊው» አሉኝ።

በሕይወታቸው ከእንግሊዝኛ ያወጡት ቃል እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሙእሚን በአማርኛ ሌላ ምንም ሳይነገረው ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁ፤ ባላይ እመርጥ ነበር።

«የማን ነኝ?» አለ።

«የሙሄ» አሉ ጋሼ ሙሄ። «የሌላው ሙሄ። ሞክሼዬ ነበር። እናትህ ሃጀር ትባላለች።» ከዚያ እኔ የሰማሁትን ሁሉ፣ አይሱዙውንም፣ ሽማግሌዎቹንም፣ የአያቱንም ስም ነገሩት። እትዬ ሀሊሜ «ከኔ አፍ አይወጣም» ብለው ቤት መቅረታቸውን ነገሩት። የተቀበሩበትንም ቦታ ነገሩት። ሙእሚን ቢያለቅስ፣ ቢሳደብ፣ ጠረጴዛዬን ቢገለብጥ በወደድኩ፤ እሱ ግን ክፍል ውስጥ እንደሚያዳምጠው ነበር የሚያዳምጠው።

ሰዓቱን አየሁ፤ ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ። ዝም ማለት አልቻልኩም። «ልጄ፣ ሰዓቱ» አልኩ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ይህን በማለቴ እስካሁን አፍራለሁ። ሙእሚን ወደ ኮምፒውተሩ ዞረና ሁለቱም ባዶ ቦታ ላይ የዘን ሦስት ፊደል ራሱ መታቸው። አተምኩት፣ ፈረምኩ፣ ማኅተሙን መታሁ፣ ስካን አደረግሁት። ኔትወርኩ ዞሮ ዞሮ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሄደልን።

«ተላከ» አልኩ።

ጋሼ ሙሄ በሩ አጠገብ እንደቆሙ ናቸው። ዝናቡ ከልብሳቸው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። በቤቱ ያለው የደንበኛ ወንበር አንድ ነው። ሙእሚን ከሱ ላይ ተነሳ፣ በእጅጌው ጠረገና ወደ በሩ አዞረው።

«ይቀመጡ» አለ።

ጋሼ ሙሄ ማን ትልቅ ሰው እንደገባ ለማየት ወደ ኋላቸው ዞሩ።