በጎኑ የሚሰማ ሽቦ

አቶ ደምሴ ከቴሌ በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ በአዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ከባለቤታቸው ከካሰች ጋር ይኖሩ ነበር። በንጉሡ ዘመን ፈቃድ አውጥተው፣ ፊታቸውን ከማያውቋቸው የሩቅ አገር ሰዎች ጋር በሬዲዮ ይነጋገሩ ነበር። ዘመኑ ሲለወጥና በግል ማስተላለፍ የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ ማስተላለፊያውን ማንም ሳይጠይቃቸው በገዛ እጃቸው ወስደው አስረከቡ። የቀረላቸው መስማት ብቻ ሆነ።

ለመስማት ደግሞ አንቴና ያሻል። የመዳብ ሽቦ ከጣራቸው ጠርዝ እስከ ግቢው ዋንዛ ድረስ ዘረጉ፤ የተያዘው ድምፅ ወደ እንጨቱ እንዳይፈስም ጫፎቹን በተሰበረ የጠርሙስ አንገት አሰሩ። አንድ ሰሞን ከፍ፣ አንድ ሰሞን ዝቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሐይቁ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ቱላ መንገድ እያዞሩ ሲፈትኑት ከረሙ። «ሽቦ የሚሰማው በጫፉ ሳይሆን በጎኑ ነው» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጉት የሰሜኑ ድምፅ ሁሉ ጎላ። የልብስ ማስጫ ነው ብለው ለማንም አልዋሹም፤ ጎረቤቶች ልብስ ሲያሰጡበት ግን ዝም አሉ።

ከጎረቤቶቹ አንዷ ገበያነሽ ነበረች። አንድያ ልጇ ግዛቸው በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ሽማግሌዎች ማልደው መጥተው አረዷት። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። አለቀሰች፣ ጠጉሯን ተላጨች፣ ከዚያም ልብሶቹን ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጥ አጥባ በሽቦው ላይ አሰጣቻቸው። ካፖርቱና ሱሪዎቹ ውሃ እንዳዘሉ ነበሩና ሽቦው ከመካከሉ ረገበ።

አመሻሹ ላይ አቶ ደምሴ ማዳመጫቸውን አጠለቁ። ሽቦ ዝቅ ሲል ሩቁ ደክሞ ቅርቡ እንደሚጎላ ያውቃሉ፤ በሰሜን የሚዋጉት የአማፅያኑ ጣቢያ ግን በሩ ላይ የቆመ ያህል ይቀርባል ብለው አላሰቡም። ምርኮኞች በየተራ ስማቸውን ይናገሩ ነበር። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ በራቸውን ከማንኳኳቱ በፊት እንዲሁ ያደርግ የነበረውን ልጅ አወቁት።

«ግዛቸው በላይነህ፣ ከአዋሳ። ደኅና ነኝ። እናቴን አታልቅሺ በሉልኝ።»

ቀና ብለው በመስኮቱ አዩ። የሐይቁ ነፋስ የሸሚዞቹን እጅጌ ያነሣና ይጥል ነበር።

«ምን ሆንህ? አመድ መስለሃል» አለች ካሰች።

ነገሯት።

«እንኳን አልሰማህ።»

«ሰማሁ እኮ ነው የምልሽ።»

«እኔም እንኳን አልሰማህ ነው የምልህ። የወንበዴ ሬዲዮ ሰማሁ ብለህ ማን ፊት ልትቆም ነው? እሷስ ብትሆን አንድ ጊዜ ቀብራዋለች፤ ስንቴ ትቅበረው?»

«መች ቀበረችው? ምን አግኝታ?»

«ይኸው፣ በዚህ ሰዓት እንኳ ቃል ታቃናለህ።»

«እውነት ሰምቶ ዝም ማለት ከመዋሸት አይለይም» አሉና ወጡ።

ገበያነሽ ስትሰማ አልጮኸችም። «እንግዲያስ ልብሱን አላወርድም» አለች ብቻ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ እየመጣች፣ ከሁለቱ ማዳመጫዎች አንዱን በጆሮዋ ላይ ትይዝ ጀመር። ድምፁም አልቀረም፤ ያው ጉሮሮ መጥረግ፣ ያው ማመንታት፣ ያው ቃል። እሷ በሰማች ቁጥር ፊቷ ሲፈካ የአቶ ደምሴ ልብ ይቀዘቅዝ ነበር። ድምፁ የተቀረጸ ነው። መቼ እንደተቀረጸና ከዚያ ወዲህ ልጁ ምን እንዳገኘው የሚናገር የለም።

ከመርዶው የተቆጠረው አርባ ተቃረበ።

«ጋሼ፣ ሞቶ እንደሆነ ተዝካሩን ሳላወጣ ብቀር ነፍሱን በደልኋት። ሕያው እንደሆነም ባወጣ በእጄ ገደልሁት» አለች ገበያነሽ። «እርስዎ የማያውቁትን አይናገሩም። አለ ወይስ የለም?»

«ድምፁን ሰማሁ፤ እሱን አላየሁም። ድምፅ ከባለቤቱ በኋላ ሊቆይ ይችላል።»

«ታዲያ ለምን ነገሩኝ?»

አቶ ደምሴ ሥራቸው ጽድቅ እንደ ነበረ ያውቃሉ፤ ጽድቅ ይህችን ሴት በሕያውና በሙት መካከል እንዳቆማት ደግሞ አሁን አዩ።

ካሰች ከጓዳ ድምጿን አሰማች። «አባቴ ሳይሞት ቁም ተዝካሩን አውጥቶ፣ ከእንግዶቹ ጋር ጠግቦ በልቶ፣ ከዚያም ስንት ዘመን ሲጨቃጨቀን ኖሯል። ለሕያው አይወጣም ያለሽ ማነው?»

ገበያነሽ «ለራሱ ማውጣት ካልቻለ እኔ አወጣለታለሁ» አለች።

ተዝካሩ ወጣ። እንግዶች በልተው ጠጥተው «ነፍስ ይማር» ሲሏት «ባለበት ይጠብቀው» ብላ ትመልስ ነበር። ሰዎቹም ኀዘኑ አእምሮዋን የነካው መስሏቸው ከንፈራቸውን እየመጠጡ ሄዱ። የነገሩን ምሥጢር ያወቁት አቶ ደምሴና ካሰች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ጣቢያው ጠፋ። ድምፁ ይመጣበት በነበረው ስፍራ የባዶ ሞገድ ሹሹታ ብቻ ቀረ። አቶ ደምሴ ሽቦውን ከነልብሱ ዝቅ አደረጉ፣ ከፍ አደረጉ፤ መጋጠሚያውን ፋቁ፤ ከሬዲዮው ጋር በሽቦ የተያያዘውን፣ መሬት ውስጥ የተቀበረውን ብረት ውሃ አጠጡ። ምንም አልተገኘም። ገበያነሽ ግን መምጣቷን አልተወችም። አንድ ምሽት ማዳመጫውን ይዛ ብዙ ከቆየች በኋላ፣

«እየተነፈሰ ነው» አለች።

አቶ ደምሴ የሹሹታን ዘር ሁሉ ይለያሉ። የሩቅ መብረቅ ይንጣጣል፤ የወፍጮ ቤት ሞተር ይርገበገባል፤ ሰማይም የራሱ የሆነ፣ የማይቋረጥ ሹሹታ አለው። ሁለተኛውን ማዳመጫ በጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከሹሹታው በታች አንድ ነገር ይገባና ይወጣ ነበር፤ ይዘገይና እንደገና ይገባል። ከሚያውቁት ሁሉ አንዱንም አልመሰለም።

«ይሰማዎታል?»

ካሰች ከበሩ ቆማ ታያቸው ነበር።

«ይሰማኛል» አሉ።

መዋሸታቸውን ቢያውቁ ኖሮ ንስሐ በገቡ ነበር።